የቤት ጽዳት ሥራና ወቅቶች፤ የቡሌ ደጋ እንደ ምሳሌ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ለቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)




ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ፎቅ ቤት መነገር በተለመደበት መድረክ ስለ መጥረጊያ፣ ስለ ምርጊትና ስለ ልብስ አጠባ መነሣቱ ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይሁንና የኢትዮጵያ ሕዝብ ከሚኖርባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ዛሬም ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። የጭቃ ቤት ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ በየጊዜው ካልተመረገ፣ ካልተለቀለቀና ካልተጠረገ ይፈርሳል። በድንጋይና በሲሚንቶ ቤት ጽዳት አንድ ሥራ፣ ጥገና ሌላ ሥራ ነው። በጭቃ ቤት ግን በሁለቱ መካከል ድንበር ለማስመር ያስቸግራል። ወለሏን የምትለቀልቅ የቤት እመቤት በዚያችው ሰዓት ቤቱን እያጸዳችም እየጠገነችም ነው። እንግዲህ ነገሩ በዚህ ዓይን ከታየ ጉዳዩ የመሐንዲስም ጉዳይ መሆኑ አጠያያቂ አይሆንም።

ይህን አስቀድመው የተረዱ የሙያው ሰዎች አልታጡም። አሜሪካዊቷ ሊሊያን ጊልብሬዝ (1878–1972 እ.ኤ.አ.) በፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛን እንቅስቃሴ በመለካት ያዳበሩትን ዘዴ ወደ ማድ ቤት አምጥተው፣ አንዲት እመቤት በምድጃ፣ በዕቃ ማጠቢያና በመደርደሪያ መካከል የምትመላለሰውን ርምጃ ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። በ1965 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ አባል ሆነው ሲመረጡም ለሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ይሁን እንጂ የእሳቸው ጥናት ያተኮረው በርቀትና በእጅ እንቅስቃሴ ላይ ነው። የቧንቧ ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል ባለበት ቤት ትልቁ ብክነት የርምጃ ብክነት ሊሆን ይችላል። በደጋው የጭቃ ቤት ግን ከሁሉ የሚከፋው ብክነት ሥራን ያለ ወቅቱ መሥራትና በዚህም ምክንያት ያንኑ ሥራ መልሶ መድገም ነው።

ለዚህ ንግግር በምሳሌነት የተመረጠው በጌዴኦ ዞን የሚገኘው የቡሌ ደጋ ነው። (ቡሌ ሲባል አንዳንድ ሰው በስም መመሳሰል ምክንያት በምዕራብ ጉጂ የምትገኘውን፣ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችውን ቡሌ ሆራን ያስባል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።) ቡሌ ከዲላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሽቅብ ሲወጣ፣ ቡናው እየሳሳ ሄዶ እንሰት፣ ገብስና የደጋ ቀርከሃ ቦታውን በሚይዙበት ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ስለ እንሰቱ፣ ስለ ጥላ ዛፉና ስለ ትክል ድንጋዩ ብዙ ተነግሯል። በዛፉ ሥር ስላለው ቤትና ያን ቤት በንጽሕና ስለሚጠብቀው እጅ ግን እምብዛም አልተወራም።

ቡሌ ከዲላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ከፍታ በመቶ ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ከታሰበ፣ ዲላ ላይ በሸሚዝ የሚዋልበት ቀን ቡሌ ላይ ጋቢ ያስደርባል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለእርጥብ ግድግዳና ለታጠበ ልብስም ትልቅ ልዩነት ነው።

ወደ ወቅቶቹ ስንመጣ፣ በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ይህ አከፋፈል ከሰሜኑና ከመካከለኛው ደጋ የዝናብ ጠባይ ጋር በእጅጉ ይስማማል። በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ መስቀል ሲደርስ ሰማዩ ይጠራል። ስለዚህ በዚያ አገር ትልቁ የቤት ጽዳት በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ መደረጉ ትክክለኛ የሥራ ዕቅድ ነው። ልብሱ ለእንቁጣጣሽ ይታጠባል፤ ግድግዳው ለመስቀል ይለቀለቃል፤ የቀረውን ፀሐይ ትፈጽመዋለች።

በቡሌ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዝናብ የሚያመጣው የአየር መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣና ወደ ደቡብ ሲመለስ በጌዴኦ ሰማይ ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል። በዚህም ምክንያት የአካባቢው ዝናብ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ ሁለተኛው ደግሞ ክረምቱን ይዞ በመስከረምና በጥቅምት የሚበረታው ነው። በሁለቱ መካከል ዝናቡ ረገብ የሚልባቸው ቀናት ቢኖሩም የደመናው ብዛት አያስተማምንም። እውነተኛው ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ «ክረምቱ አለፈ» ብላ ቤቷን በምታጥብበት ጊዜ ቡሌ ገና ሁለተኛውን ዝናቧን ትቀበላለች።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ የጽዳት ልማድ ከትምህርት ቤቱ፣ ከጽሕፈት ቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አብሮ ወደ ደቡብ ወርዷል። በልማድነቱ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ ለበዓል ቤትን ማሳመር የተባረከ ነገር ነው። ነገር ግን ደጅ መጥረግና ዕቃ ማጠብ አንድ ነገር ሲሆን፣ ግድግዳ መምረግ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በማንኛውም ቀን ይደረጋል፤ ሁለተኛው ፀሐይ ይጠይቃል። የጌዴኦ ሕዝብ የራሱ የሆነው የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል ዳራሮ የሚውለው ደግሞ በበጋው ወራት ነው። በዓሉ ከምርጊት ማድረቂያው ወቅት ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ ይሁን በሌላ ምክንያት የሚያከራክር ሊሆን ይችላል። ለዕቅድ አውጪ ግን ከዚህ የተሻለ የቀን ችንካር አይገኝም።

በሌላውም ዓለም ቢሆን የዓመቱ ትልቅ ጽዳት ቀኑን የሚያገኘው ከአየሩ ነው። ኢራናውያን ከኖሩዝ በፊት ቤታቸውን ከጣሪያ እስከ ወለል የሚያራግፉት፣ የሰሜን አውሮፓ ሰዎችም በጸደይ መግቢያ ምንጣፋቸውን አውጥተው የሚደበድቡት፣ ክረምቱን ሙሉ የነደደው ምድጃ የተወውን ጥላሸት መስኮት ከፍቶ ማስወጣት የሚቻለው በዚያን ጊዜ በመሆኑ ነው። የእነሱን ቀን ለቡሌ መዋስ እንደማይቻል ሁሉ የእንጦጦንም ቀን መዋስ አይቻልም።

ነገሩ በቁጥር ቢታይ ይበልጥ ይገለጻል። የአንድ መካከለኛ ቤት ግድግዳ በውስጥም በውጭም ተደምሮ 50 ሜትር ካሬ ነው እንበል። ይህ ግድግዳ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ልስን ቢታደስ አንድ ሜትር ኩብ ጭቃ ይፈልጋል። በዚህ ጭቃ ውስጥ 400 ሊትር ገደማ ውኃ አለ፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ሸክም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ከምንጭ ተሸክሞ መጥቶ ጭቃው ከተቦካና ግድግዳው ከተመረገ በኋላ፣ ያው ውኃ እንደገና ከግድግዳው መውጣት አለበት። እሱን ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት 980 ሜጋ ጁል ያህል ነው። በደረቅ ማገዶ ቢተመን፣ ከእሳቱ ሙቀት ምንም ሳይባክን፣ 65 ኪሎ ግራም እንጨት ይሆናል። በሦስት ጉልቻ ምድጃ ደግሞ አብዛኛው ሙቀት በከንቱ እንደሚሄድ የታወቀ ስለሆነ፣ እውነተኛው የማገዶ ወጪ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ፀሐይና ነፋስ ይህን ሁሉ ያለ ዋጋ ይሠሩታል፤ ካሉ።

የማይኖሩበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚከፋ ለመረዳት የአየሩን ውኃ የመሸከም ዐቅም ማየት ይበቃል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስኪጠግብ ድረስ 17 ግራም ያህል የውኃ እንፋሎት ይሸከማል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ብቻ። በበጋ ቀን አየሩ 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ቢኖረው፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ከግድግዳው ወደ 7 ግራም የሚጠጋ ውኃ ሊወስድ ይችላል። በዝናብ ወር አየሩ 10 ዲግሪ ሙቀትና 90 በመቶ እርጥበት ሲኖረው ግን የሚወስደው አንድ ግራም አይሞላም። ያው ግድግዳ እንዲደርቅ በመጀመሪያው ሁኔታ ስድሳ ሺህ ሜትር ኩብ የማይሞላ አየር ሲበቃ፣ በሁለተኛው ከአራት መቶ ሺህ ሜትር ኩብ በላይ አየር ማለፍ አለበት። ይህ ለግምት ያህል የቀረበ ስሌት ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ቤት የተለካ ውጤት አይደለም። ሆኖም ሰባት እጥፍ የሚሆን ልዩነት በስሌት ስሕተት አይጠፋም።

በመስከረም የተመረገ የደጋ ግድግዳ የሚደርስበት ነገር እንግዲህ ግልጽ ነው። ልስኑ በላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፤ ከጭቃው ጋር የተቦካው ጭድ ይበሰብሳል፤ ከሥር ያለው ቀርከሃ ወይም ማገር እርጥበቱን ይጠጣል፤ ከጓዳ በኩል ሻጋታ ይወጣል። ቤተሰቡም ግድግዳውን ለማድረቅ ቀኑን ሙሉ እሳት ያነድዳል፤ የማገዶው ጭስ በእናትና በሕፃን ሳንባ ይገባል፤ ነጭ ተለቅልቆ የነበረው ግድግዳም በዚያው ጭስ ይጠቁራል። ከዚያም ልስኑ በቁርጥራጭ ሲወርድ ሥራው በታኅሣሥ እንደገና ይጀመራል። ሃያው ጀሪካን አርባ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሸክም የሚሸከመው ማን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

ስለ ጭቃው አሠራር ብዙ ማለት አይገባም፤ መራጊዎቹ ከመሐንዲሶቹ የተሻለ ያውቁታልና። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ማደር አለበት፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ ሳይወጣ ሁለተኛው ልስን አይደረብበትም። ይህ መጠበቅ ራሱ ደረቅ ቀናትን ይበላል። የገብሱ ጭድ ከአውድማ ሳይገባ ምርጊት እንደማይታሰብም በዕቅድ ውስጥ መግባት ያለበት ነው።

ከግድግዳ ቀጥሎ የሚነሣው የልብስ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ከጭቃ ይበልጣል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ዘመናት ያስቆጠረ አንድ በሽታ አለ፤ ሕዝቡ ግርሻ ይለዋል፤ ትኩሳቱ ለቆ መልሶ ስለሚያገረሽ ነው። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፈው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የገላ ቅማል ነው። ግርሻ በዝናብ ወራት እንደሚበረታ በአገሪቱ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ምክንያቱም ብርድ ሰውን በአንድ ምድጃ ዙሪያ ያጨናንቃል፤ ልብስ ይደራረባል፤ የታጠበው ስለማይደርቅም እጥበቱ ይዘገያል። በዚህ ዓይነት የእርጥብ ጋቢ ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ስለሆነም የልብስ ትልቁ እጥበት ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ብርድ ልብሱም ጋቢውም የአልጋ ልብሱም ሳይቀር መፈጸም አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ማጠብ ግን አይበቃም። የቅማሉ ዕንቁላል ለመፈልፈል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት፣ እጥበቱ በዚያ ልዩነት ካልተደገመ የመጀመሪያው ድካም ከንቱ ይቀራል። የሙቀቱም ነገር ስሌት አለው። ቅማሉና ዕንቁላሉ ከ54 ዲግሪ በላይ በሆነ ውኃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ከቆዩ ይሞታሉ። በቡሌ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ከሚፈለገው በላይ ነው። ስለዚህ ልብሱን በድስት መቀቀል የማገዶ ብክነት ነው። ሁለት እጅ የፈላ ውኃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ቢቀላቀል 65 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ልብሱ ጥቂት ሙቀት ቢወስድም እንኳ ሥራውን ይፈጽማል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ አንድ ጣሳ ይበቃል።

ስለ እጥበት ከተነሣ እንዶድን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት የደጋው ሰው ልብሱን ያነጣው በዚህ ፍሬ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ምርምራቸውን ጀመሩ፤ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በልብስ ማጠቢያ ወንዝ ዳር ቆሞ መመልከት ለሳይንስ ሰው ውርደት አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል። በተግባር ረገድ ደግሞ የእንዶድ እጣቢ ወደ ዓሣ መኖሪያና ወደ መጠጥ ውኃ መቅጃ መውረድ እንደሌለበት ያስጠነቅቃል።

የወለሉ ወቅት ከልብሱ ተቃራኒ ነው። የአፈር ወለል በዝናብ ወራት ጭቃ ከመሆኑ በቀር ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው በበጋ ነው። ወለሉ ደርቆ ትቢያ ሲሆን ሙጀሌ ይራባል። ሙጀሌ ከዕንቁላል ተነሥቶ ሰውን ወደሚወጋ ቁንጫነት የሚደርሰው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በደረቅ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ በበጋ ወለሉ በየሁለት ሳምንቱ በጭቃና በእበት ቢለቀለቅ ትቢያው ይታሰራል፤ የተባዩም ዕድገት በመካከሉ ይቋረጣል። እበት ልቅለቃ ከጥንት የመጣ ጥሩ ዘዴ ቢሆንም አንድ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። በእበት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ሊኖር ስለሚችል፣ አራስና እትብቱ ያልደረቀ ጨቅላ ባለበት ክፍል እንዲሁም ቁስለኛ በተኛበት አካባቢ በእበት መለቅለቅ አይገባም። እዚያ ንጹሕ የቀይ አፈር ጭቃ ይበቃል፤ ዐቅም ካለም ለዚያች አንዲት ክፍል ሲሚንቶ ማውጣት ከሳሎን በፊት መቅደም አለበት።

በደጋው ቤት ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር የየዕለቱ ጠረጋ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የተጠረገው እበትና ጉድፍ ግን አይጣልም፤ በጓሮ ወዳለው እንሰት ይሄዳል። ቤቱ የሚጸዳው እንሰቱ እንዲጠግብ፣ እንሰቱም የሚጠግበው ቤተሰቡ ዋሳ እንዲበላ ነው። ቆሻሻን ለማስወገድ ጉድጓድ ቆፍሩ ብሎ ማስተማር ለከተማ ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን እርሻውን መዝረፍ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ16 ፓኬጆቹ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ጽዳትን፣ የመጸዳጃ ቤትንና የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድን ማካተቱ ትልቅ ርምጃ ነበር። ለእያንዳንዱ አካባቢ የሚስማማውን ወር መወሰን ግን የአካባቢውን ዝናብና አፈር የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ክዳኑን በተመለከተ የተደባለቀ ሐሳብ አለ። የሣር ወይም የቀርከሃ ክዳን ያለውን ጎጆ ከውስጥ አጽድቶ ጥላሸቱን ጠራርጎ ማውረድ ንጽሕና ይመስላል። ነገር ግን ጭሱ ለክዳኑና ለቀርከሃው መድኃኒት ነው፤ ነቀዝና ምስጥ ጭስ የጠገበ እንጨት እምብዛም አይደፍሩም። የሸረሪት ድርና የተንጠለጠለ ጥቀርሻ ይራገፍ፤ ቀርከሃው ላይ የተጣበቀውን ቡናማ ልባስ ግን መፈግፈግ አይገባም። የቆርቆሮ ክዳን ሲመጣ ይህ ምክር ይገለበጣል። በጠራ የበጋ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሰድዶ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ የቤቱ እንፋሎትም በታችኛው ፊቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጥላሸቱ ካልተጠረገ ጠብታው ጥቁር ሆኖ በአዲሱ ልስን ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በቆርቆሮ ቤት ጣሪያው የሚጠረገው ከምርጊቱ በፊት ነው፤ ከምርጊቱ በኋላ ማድረግ ሥራን ማበላሸት ነው።

ቆርቆሮው በአንጻሩ አንድ ትልቅ በረከት ይዞ መጥቷል፤ እሱም ውኃ ነው። አርባ ሜትር ካሬ ክዳን ላይ አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ ከአምስት እጅ አንዱ ቢባክን እንኳ 320 ሊትር ይገኛል። ከላይ በተቆጠረው ጀሪካን አሥራ ስድስት ሸክም ነው። ይህን ለማግኘት አሸንዳው በየካቲት መጠረግ አለበት፤ ከበጋው ወራት በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ የክዳኑን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ወደ ማጠራቀሚያው እንዲገባ አይደረግም፤ ለጓሮ ይለቀቃል።

እስካሁን የተባለው አንድ ላይ ሲታይ የዕቅዱ ችግር ምን እንደሆነ ይገለጣል። የጽዳት ሥራ ሦስት ነገሮች ይፈልጋል፤ ውኃ፣ ፀሐይና እጅ። ውኃ በሚበዛበት ወር ፀሐይ የለችም፤ ፀሐይ ባለችበት ወር ምንጩ ይቀንሳል። እጅም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም፤ በቡና ለቀማ ወራት ከደጋው ወደ ቡናው አገር ለሥራ የሚወርድ ሰው አለ፤ በትምህርት ቀናት ልጆች የሉም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለኬሚካል ፋብሪካ ግንባታና ጥገና የወጣው የወሳኝ ተግባራት መንገድ የተባለው የዕቅድ ስልት ለዚህ ዓይነት ችግር የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥያቄውም ያው ነው፤ የትኛው ሥራ ሳይዘገይ መሠራት አለበት? የትኛውስ ትርፍ ጊዜ አለው?

በቡሌው ቤት ትርፍ ጊዜ የሌለው ሥራ ልስኑ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲታይ ተራው እንዲህ ይሆናል። በኅዳር መጨረሻ ክዳኑ ይታያል፤ የላላው ይታሰራል፤ የቆርቆሮው ጥላሸት ይጠረጋል። በታኅሣሥ ጭቃው ተረግጦ ያድራል፤ ምርጊቱ ይጀመራል። በጥር ሁለተኛው ልስን ገብቶ ለዳራሮ ቤቱ ይደርሳል። ወለሉ ከግድግዳው በኋላ ነው፤ ከግድግዳ የሚረግፈው ጭቃ ወለሉን ያበላሸዋልና። በየካቲት ሥራው ከቤት ወደ ደጅ ይወጣል፤ በዙሪያው ያለው ቦይ ይጠረጋል፣ አሸንዳው ይራገፋል፣ ማገዶው ከክፈፍ ሥር ይደረደራል፣ ትልቁ የልብስ እጥበት ይጀመራል። አዲስ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነም በእነዚህ ደረቅ ወራት ነው፤ በዝናብ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል። ከመጋቢት በኋላ የሚቀረው የየዕለቱ ጠረጋና የየሳምንቱ እጥበት ነው፤ በዝናቡ መካከል ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ቀን ሁሉ የአልጋ ልብስ ይወጣል። ለጳጉሜን የሚተወው ደጅ፣ ዕቃና የበዓል ልብስ ነው። እነዚህ ትርፍ ጊዜ ስላላቸው ቀናቸውን በዓሉ ቢወስነው አይጎዳም።

ይህ ዝርዝር ለቡሌ የተሠራ ነው። ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ ወይም ወደ ዲላ ቢወርድ ቀኖቹ ይለወጣሉ፤ በዚያ ጥርና የካቲት ሳይሆን የቡናው ለቀማና ማድረቂያ ማብቂያ የእጁን ጥያቄ ይወስናል። ስለሆነም ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ አንድ የአገር አቀፍ ሰንጠረዥ እንዲወጣ አይደለም። ለገጠር ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ መኖሪያ ወይም ለመምህራን ቤት ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ሁሉ ከንድፉ ጋር አንድ ገጽ የጽዳትና የጥገና ሰሌዳ እንዲያስረክብ ነው። ሰሌዳው ለዚያ ቦታ ከፍታና ዝናብ የተሠራ፣ በወር ስም የተጻፈ፣ ከበሩ ጀርባ የሚለጠፍ መሆን አለበት። ከተቻለ በአማርኛና በጌዴኡፋ ይጻፍ፤ ለማያነብም በሥዕል ይታገዝ። ከመጻፉ በፊት ግን ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ይጠየቁ፤ የትኛው ግድግዳ መቼ እንደሚደርቅ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሰሌዳው ለነዋሪው ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲሱም መጠቀሚያ ነው። ከየሥራው አጠገብ ሥራው የተፈጸመበት ቀን የሚሞላበት ባዶ ቦታ ቢተውለት፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ወረቀት ንድፉ የት ላይ እንደጎደለ ይናገራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተመረገ የውጭ ግድግዳ ቢገኝ ቤተሰቡን ከመውቀስ በፊት የክዳኑ ክፈፍ መለካት አለበት። የዝናብ ፍንጣቂ የሚያጥበው ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን የግድግዳ ክፍል ነው፤ ክፈፉ ከግድግዳው ቢያንስ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ወጣ ካላለና ግድግዳው በድንጋይ መሠረት ላይ ካልተነሣ፣ ያ የግድግዳ ክፍል የቱንም ያህል በጊዜው ቢመረግ ይታጠባል።